የአባዬ መስከረም ሁለት

እንኳን አደረሳችሁ ወዳጆቼ! ዘመነ ማቴዎስን ሸኘን፣ ዘመነ ማርቆስን ተቀበልን። ትናንት ማታ የሰፈራችን ልጆች ችቦው ላይ ዝናብ ወረደባቸው። አንዱ ጎረምሳ ሮጦ የእናቱን ጃንጥላ አመጣና ለችቦው ያዘለት፤ እሱ ራሱ በስብሶ ቀረ። ዛሬ ማለዳ ደግሞ አምስት ሴቶች ልጆች አደይ ይዘው በራችን ላይ ቆሙ። ትንሿ ግጥሙ ጠፋባት። ቆም አለችና ከመጀመሪያው ጀመረች። ሌሎቹ ጠበቋት። እንዲህ የምንጠባበቅበት ዓመት ያድርግልን።

ዶሮ ወጡ ደርሷል። ነገ ዓርብ ስለሆነ ዛሬውኑ ማለቅ አለበት። ቄጤማው ተጎዝጉዟል፣ ቡናው እየተቆላ ነው። ለዚህ በዓል ያልደረሰው አባዬ ብቻ ነው።

አባዬ በግንቦት አረፈ። 83 ዓመቱ ነበር። ያኔ ብዙዎቻችሁ ደውላችሁልኛል፣ ጽፋችሁልኛል። በወጉ እንኳ ሳላመሰግናችሁ ክረምቱ አለፈ። ዛሬ ልጽፍ የተቀመጥኩት ለምስጋና ነበር። ግን እጄ ወደ ሌላ ነገር ሄደብኝ። ታገሡኝ።

እኛ ቤት ዕንቁጣጣሽ ሁለት ቀን ነው። የመጀመሪያው ቀን የሁላችንም ነው። ሁለተኛው የአባዬ ነው። መስከረም ሁለት ጠዋት ቡና ሲፈላ ጋቢውን ተከናንቦ ይቀመጥና «ዛሬ ጄኔራል አማን የተሾሙበት ቀን ነው» ይላል። በቃ፣ ሌላ አይጨምርም። በ1967 ዓ.ም. መስከረም ሁለት ንጉሡ ሲወርዱ የደርጉ ሊቀመንበር የሆኑት እሳቸው ናቸው። አገር ግን ያንን ቀን የሚያስበው በንጉሡ መውረድ ነው። በደርግ ጊዜ የአብዮት ቀን ተብሎ ሰልፍ ይወጣበት ነበር። አባዬም ተሰልፎ ያውቃል። ከሰልፉ ሲመለስ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያችኑ ዓረፍተ ነገር ይላታል። ልጅ ሳለሁ ጄኔራል አማን ዘመዳችን ይመስሉኝ ነበር።

ለአርባው ቤቱን ስናጸዳ የቅዱስ ሚካኤልን ሥዕል ከግድግዳው አወረድኩት። ከጀርባው ያለው ካርቶን ላልቶ ነበር። ላስተካክለው ስል አንድ የታጠፈ ጋዜጣ ወደቀ። ቢጫ ሆኗል፣ ሲነኩት ይፈረፍራል። ከጽሑፉ ብዙው ጠፍቷል። ፎቶው ግን አለ። ሌተና ጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶም፣ በወታደር ልብሳቸው። ከግርጌው አባዬ በሰማያዊ እስክሪብቶ አንድ ቁጥር ጽፏል፦ 72።

እማዬ እንኳን አታውቅም ነበር። «ሃምሳ ዓመት ሙሉ በዚህ ሥዕል ፊት ስጸልይ ኖሬ!» አለችና አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ቤት በየቀኑ በሚፈተሽበት፣ ለአንዲት ወረቀት ሰው በሚገደልበት ዘመን ያ ጋዜጣ ከጭንቅላታችን በላይ ተሰቅሎ ነበር ማለት ነው። እማዬ ትንሽ ተቆጣች። ከዚያ አለቀሰች። ከዚያ «ስማቸው ውስጥ ሚካኤል ስላለ ነው እዚያ ያስቀመጣቸው» አለች። እውነቷን ይመስለኛል።

72 ምን እንደሆነ ግን አልገባንም። የስልክ ቁጥር ነው? የመለያ ቁጥሩ ነው? ወንድሜ የመዝሙር ቁጥር ይሆናል ብሎ መዝሙረ ዳዊት ገለጠ። አልሆነም።

አባዬ በሐረር 3ኛ ክፍለ ጦር የሬዲዮ ሠራተኛ ነበር። ጄኔራሉ የክፍለ ጦሩ አዛዥ በነበሩ ጊዜ እሱ ገና የ22 ዓመት ልጅ ነው። «ታውቃቸው ነበር?» ስለው ይስቃል። «ተራ ወታደር ጄኔራል ከየት ያውቃል? እሳቸው ናቸው እኛን የሚያውቁን» ይለኛል። በሰልፍ ላይ ከሩቅ ነው ያያቸው። ግን ስለ እሳቸው የማያውቀው ነገር አልነበረም። ወታደር ስለ አዛዡ እርስ በርሱ ያወራል። በየድንኳኑ የሚወራውን ሁሉ አባዬ በጆሮው ሰብስቦ ይዞት ኖሯል።

ጄኔራሉ የተወለዱት በ1916 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ ነው። ቤተሰባቸው ከሐማሴን፣ ከፀዓዘጋ ነው። ፕሮቴስታንቶች ነበሩ። ጣሊያን አገሩን በያዘ ጊዜ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተመልሰው ለነፃነት ከተዋጉት ወጣቶች አንዱ ናቸው። እንግሊዝ አገር ወታደራዊ ትምህርት ተምረዋል። ኮርያ ዘምተዋል። ከዚያ ነው ሐረር የመጡት።

ከዚህ በኋላ ያለውን አባዬ ሲያወራ ዓይኑ ይበራ ነበር። በ1956 ዓ.ም. ጥር መጨረሻ ላይ በቶግ ውጫሌ በኩል ከሶማሊያ ጋር ጦርነት ተነሳ። ሶማሊያ ነፃ ከወጣች አራት ዓመት እንኳ አልሞላትም። የኛም ጦር እንዲያ ያለ የድንበር ጦርነት አዲሱ ነበር። አባዬ ሬዲዮውን ተሸክሞ ወጣ። ሬዲዮው ከእኔ ይከብዳል ይል ነበር፤ ያኔ በጣም ቀጭን ነበር። ቀን ፀሐይ፣ ሌሊት ብርድ፣ ውሃ በመለኪያ። ጄኔራል አማን «የበረሃው አንበሳ» የሚለውን ስም ያገኙት በዚያ ጦርነት ነው። ወታደሩ ስሙን የሚጠራው እንደ ማዕረግ ሳይሆን እንደ ቤተሰብ ቅጽል ስም ነበር።

መጋቢት ላይ ሁለቱ አገሮች በሱዳን ሸምጋይነት ተኩስ ለማቆም ተስማሙ። የተስማሙት የት ነው? ካርቱም። ጄኔራሉ የተወለዱባት ከተማ። አባዬ ይህችን ነገር በጣም ይወዳት ነበር፤ እግዚአብሔር ራሱ ያዘጋጃት ይመስለው ነበር።

አንድ ነገር ግን ልመስክርለት። አባዬ ስለ ሶማሌ ክፉ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። «እነሱም እንደኛ የተላኩ ልጆች ናቸው» ይል ነበር። ሐረር ስናድግ ጎረቤቶቻችን ሶማሌዎች ነበሩ። ዒድ ሲመጣ የኛ ቤት ድስት ወደ እነሱ ይሄዳል፣ በዕንቁጣጣሽ የእነሱ ሳህን ወደኛ ይመጣል። አባዬ በስተርጅናው ጠዋት ጠዋት ሻይ የሚጠጣው ከእነዚያው ጎረቤት አዛውንት ጋር ነበር። እሳቸው ዛሬም አሉ። ጋሼ፣ ይህን ልጅዎ ያንብብልዎት። እንኳን አደረሰን። ሁለተኛው የሻይ ብርጭቆ እስከ ዛሬ ከመደርደሪያው አልተነሳም።

ከጦርነቱ በኋላ ጄኔራሉን ከጦሩ አራቋቸው። በወታደሩ ዘንድ መወደዳቸውን የላይኞቹ አልወደዱትም። ንጉሠ ነገሥቱ ሳያዝዙ ድንበር ሊያልፉ ፈልገው ነበር የሚሉም አሉ። ዋሽንግተን የጦር አታሼ ሆነው ሄዱ። ከዚያ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ሆኑ። ለወታደር ይህ ሹመት አይደለም። አንበሳን ወንበር ላይ ማስቀመጥ ነው። አባዬም እንደዚያ ነበር የሚለው። ዘጠኝ ዓመት ያህል እዚያው ተቀመጡ።

1966 መጣ። ወታደሩ ተነሳ፣ ደርግ ተቋቋመ። በክረምቱ ጄኔራሉ ከምክር ቤት ወጥተው ኤታ ማዦር ሹም ሆኑ። ብዙም ሳይቆይ መከላከያ ሚኒስትር። ነሐሴ ላይ ወደ ኤርትራ ሄዱ፣ እየዞሩ ሕዝቡን አነጋገሩ። አሮጌው አሠራር ያበቃል፣ ሰላም ይመጣል አሉ። የተመለሱት ጳጉሜ ላይ ነው። እኔ ያኔ የስምንት ወር ልጅ ነኝ። እማዬ ሐረር ጦር ሰፈር ውስጥ ለ1967 ዕንቁጣጣሽ ጠላ ትጠነስሳለች።

በዚያ ዕንቁጣጣሽ ምሽት አዲስ አበባ ላይ የወሎ ረሃብ ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር እየተቆራረጠ በቴሌቪዥን ታየ። በማግሥቱ ንጉሡን በቮልስዋገን ጭነው ወደ 4ኛ ክፍለ ጦር ወሰዷቸው። ጄኔራል አማን የደርጉ ሊቀመንበር ሆኑ። በየቦታው የሚጮኸው መፈክር «ኢትዮጵያ ትቅደም» ነው። ቀጥሎ «ያለ ምንም ደም»።

አባዬ ያንን መፈክር አምኖት ነበር። ይህን ስነግራችሁ ሆዴ ይባባል። የ33 ዓመት ወታደር፣ ሚስትና ጨቅላ ልጅ ያለው፣ የሚወደው አዛዥ አገር ሲመራ ያየ ሰው ነው። እማዬ እንደምትለው ያን ጠዋት ጦር ሰፈሩ ውስጥ ሰው ሁሉ ይሳሳም ነበር። ዕንቁጣጣሹ በማግሥቱ እንደገና የመጣ መሰለ።

ጄኔራሉ ግን ከተሾሙበት ቀን ጀምሮ አልተመቻቸውም። የደርጉ አባል አልነበሩም። ደርጉ የፈለጋቸው ለስማቸው ነው፣ እሳቸው ደግሞ በእውነት ሊመሩ ፈለጉ። በመስከረም ማብቂያ እንደገና ወደ ኤርትራ ሄዱ። የኤርትራ ጉዳይ በንግግር ያልቃል ብለው ያምኑ ነበር። ደርጉ ውስጥ ያሉት፣ በተለይ ሻለቃ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም፣ ተጨማሪ 5,000 ወታደር ይላክ አሉ። ጄኔራሉ አይሆንም አሉ። የታሰሩት የንጉሡ ባለ ሥልጣናት ይገደሉ ሲባልም አይሆንም አሉ። ኅዳር እንደገባ ቤታቸው ገብተው ተቀመጡ።

ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር። ወታደሮች ቤታቸውን ከበቡ። ታንክ ጭምር መጣ ይባላል። እጃቸውን አልሰጡም። ተኩስ ነበር። ጄኔራል አማን ቤታቸው ውስጥ ሞቱ። 50 ዓመታቸው ነበር። በዚያው ሌሊት እነ አክሊሉ ሀብተ ወልድ፣ እነ እንዳልካቸው መኮንን፣ እነ ልዑል ራስ አሥራተ ካሣ ከእስር ቤት ተወስደው ያለ ፍርድ ተረሸኑ። «ስልሳዎቹ» የምንላቸው ጄኔራሉን ጨምሮ ነው።

እሑድ ጠዋት ሬዲዮ «ፖለቲካዊ ውሳኔ» ብሎ ስማቸውን ተራ በተራ አነበበው። አባዬ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሰ፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ቆሞ ሰማ። እማዬ ሽሮ ታማስል ነበር። ስሞቹ ሳያልቁ አባዬ ሬዲዮውን ዘጋው። ወደ ጀርባው አዞረና የባትሪ ድንጋዮቹን አወጣ። በኪሱ ከተታቸው።

ሬዲዮ እንጀራው የሆነ ሰው ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ግን በቤታችን እሑድ ጠዋት ሬዲዮ ተከፍቶ አያውቅም። ቅዳሜ ማታ ድንጋዩን ያወጣና ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ያቆማቸዋል። እሑድ ከሰዓት በኋላ ይመልሳቸዋል። ልጆች ሳለን ድንጋይ ለመቆጠብ ይመስለን ነበር። ጎረቤት ሲጠይቅም «ድንጋይ ውድ ነው» ነበር መልሱ። ምክንያቱን የነገረኝ ከሠላሳ ዓመት በላይ ከሆነኝ በኋላ ነው።

የሰባ ሁለትን ምሥጢር የፈታልን የአባዬ የጦር ጓድ ነው። ለአርባው ከድሬዳዋ ድረስ መጣ፣ በ80 ዓመቱ፣ በአውቶቡስ። ጋዜጣውን አሳየሁት። መነጽሩን አደረገ፣ ብዙ ጊዜ አየው። ከዚያ በጣቶቹ መቁጠር ጀመረ። ከመስከረም ሁለት እስከ መስከረም ሠላሳ፣ ሃያ ስምንት። ጥቅምት ሠላሳ። ኅዳር አሥራ አራት። «ሰባ ሁለት ቀን ነው የሰጡን» አለ። ሌላ ማንም አልተናገረም። ወንድሜ ተነስቶ ወጣ።

«የሰጡን» ነው ያለው። እኔ «የገዙት» ብዬ ነበር የማስበው።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ታውቁታላችሁ። በሁለት ወር ውስጥ አስመራ ዙሪያ ጦርነቱ ጋመ። እስከ 1983 ዓ.ም. አልበረደም። በጄኔራሉ ቦታ የተቀመጡት ብርጋዴር ጄኔራል ተፈሪ በንቲም ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም. በገዛ ጓዶቻቸው ተገደሉ። ያለ ምንም ደም የተባለው ነገር የደም ዓይነት ሳያጣ ቀረ።

አባዬ ግን ወታደርነቱን አልተወም። የት ይሄዳል? በ1970 ዕንቁጣጣሽ ሰሞን ጅጅጋ በሶማሊያ ጦር እጅ ስትወድቅ እዚያው ነበር። በካራማራ በኩል ሲያፈገፍጉ አዲስ ዓመት መግባቱን ያስታወሰው ማንም አልነበረም። የካቲት 26 ጅጅጋ ስትመለስም ነበረ። ከዚያ ጦርነት ይዞት የመጣው ቀኝ ጆሮው ውስጥ የሚጮህ ድምፅ ነው፤ እስኪሞት አልተወውም። ስለ 1956ቱ ጦርነት ያወራል፣ ስለ 1970ው አያወራም። በመጀመሪያው የሚመካበት አዛዥ ነበረው። በሁለተኛው ጓደኞቹን ብቻ ነው የሚያስታውሰው፣ አብዛኞቹ ደግሞ አልተመለሱም።

ጄኔራል አማን ቅዱስ ነበሩ አልልም። የጦር አዛዥ ነበሩ። የሥልጣን ፍላጎት ነበራቸው የሚሉ አሉ፤ ሊሆን ይችላል። ኤርትራ ውስጥም ቃላቸው ዘግይቶ የመጣ ነው ብለው ያላመኗቸው ብዙ ነበሩ። ቢኖሩ ኖሮ ጦርነቱ ይቀር ነበር ወይ? ማንም ሊምል አይችልም። እኔ የምይዘው አንዲት ነገር ነው። ጠመንጃ የያዘው ሁሉ «ግደል» በሚልበት ክፍል ውስጥ፣ ዕድሜ ልካቸውን ጠመንጃ የያዙት ሰው «አይሆንም» አሉ። እንዲያ በማለታቸው ምን እንደሚመጣ ከማንም በላይ ያውቁ ነበር፤ ወታደር ናቸውና። አባዬ ሃምሳ ዓመት ከቅዱስ ሚካኤል ጀርባ የደበቀው ያችን «አይሆንም» ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ምስጋናዬን ልመልስ።

አባዬ ሆስፒታል በተኛባቸው አሥራ አንድ ሌሊቶች የሌሊት ተረኛ ለነበረችው ነርስ። ኦክስጅኑ ሲቋረጥ የሮጥሽው አንቺ ነሽ። ኃላፊ ተብዬዎቹ ስልክ አላነሱም፤ አንቺ ግን ሌላ ክፍል ገብተሽ ተሸክመሽ አመጣሽ። አባዬ «ይህች ልጅ ግንባር ብትሆን ጥሩ አስር አለቃ ይወጣታል» ብሎሻል። ከእሱ አፍ ከዚህ የበለጠ ምርቃት አይወጣም። እንኳን አደረሰሽ።

ለጦር ጓዱ፣ ከድሬዳዋ ለመጣኸው። አንተ ባትቆጥር እኛ እስከ ዛሬ መዝሙረ ዳዊት እያገላበጥን ነበር። ዕድሜህን ያርዝመው።

ለድሮ ጎረቤታችን፣ ዛሬ ስዊድን ላለሽው። በ1990 ከአጠገባችን ስትለዪ እማዬ ምጣድሽን ተረክባ ነበር። ዛሬም በእሱ ነው የምንጋግረው። የአባዬን መሞት ሰምተሽ ስትደውዪ እማዬ ባላት ጥቂት ትግርኛ ልታጽናናሽ ሞከረች፣ አንቺ በአማርኛ አጽናናሻት። አንድ ሰዓት ሙሉ። ያን ቀን ነው እማዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ምግብ የቀመሰችው። ርሑስ ሓዱሽ ዓመት፣ እህቴ። ሸጋ ዓመት ይሁንልሽ።

ለእማዬ። አባዬ ካረፈ በኋላ ሥዕሉን ወደ ቦታው ስመልስ «ጋዜጣውንም መልሺው» ላልሽኝ። መልሼዋለሁ።

ዘንድሮ ምኞቴ ለሁላችሁም ጤና ነው፣ ሰላም ነው። ግን ትንሽ ልጨምር። ሰሞኑን ስለ ጦርነት በቀላሉ ሲወራ እሰማለሁ፤ ስለ ዝናብ እንደሚወራ። መረብ ማዶና መረብ ወዲህ። በየመንደሩም። የሚያወሩት ሰዎች ሬዲዮ ተሸክመው በረሃ የሚወጡት እነሱ እንዳልሆኑ አውቃለሁ። ዛሬ በዓሉን ምሽግ ውስጥ ለዋላችሁ የ22 ዓመት ልጆች፣ የየትኛውም ወገን ልጆች፣ ከእናታችሁ ጠላ ያድርሳችሁ። ለምትወስኑት ደግሞ፦ በመካከላችሁ አንድ «አይሆንም» የሚል ሰው ካለ አዳምጡት። ባታዳምጡት እንኳ ቤቱ ድረስ ታንክ አትላኩበት።

ነገ መስከረም ሁለት ነው። ቡናው ሲፈላ ያችን ዓረፍተ ነገር የሚላት ሰው የለም። ልጄ፣ የ12 ዓመቷ፣ «እኔ እላታለሁ» ብላለች። ማታ ስትለማመድ ሰማኋት።

ዘንድሮ ደግሞ ኅዳር 14 እሑድ ላይ ይውላል። ሐረርም ሆነ አዲስ አበባ ያላችሁ የአባዬ ጓዶች፣ ልጆቻቸውም፣ ከቅዳሴ በኋላ እኛ ቤት ኑ። ቡና አለ፣ ሽሮ አለ። የአባዬ ሬዲዮ ጠረጴዛው ላይ ነው። ቅዳሜ ማታ ድንጋዮቹን እኔ አወጣቸዋለሁ።